«ሰጡት» የሚለው ቃል የተዘጋበት ሳምንት

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ፣ የእንጨት ወለሉ ሲረገጥ የሚንቋቋ አንድ አሮጌ ባለ ፎቅ ቤት አለ። በታችኛው ክፍል መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ በላይኛው ክፍል 18 ኮምፒዩተሮች ይገኛሉ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቁ ተማሪዎች፣ ሥራ ፈላጊዎች፣ ጡረተኞች፣ አልፎ አልፎም ቅጽ ለመሙላት የሚመጡ የአካባቢው ነጋዴዎች ይጠቀሙባቸዋል። እኔ በዚህ የንባብ ቤት የኔትዎርኩንና የኮምፒዩተሮቹን ሥራ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ የቤቱ ኮሚቴ አንድ መስመር ብቻ ያለው ደብዳቤ ጽፎ ሰጠኝ፤ «ተገቢ ያልሆነ ይዘት በኮምፒዩተሮቹ ላይ እንዳይከፈት ይደረግ» ይላል።

ደብዳቤውን ስቀበል ሥራው የሁለት ቀን መስሎኝ ነበር። ማጣሪያ ሶፍትዌሩን መጫን፣ ተጠቃሚዎችን በፕሮፋይል፣ ማለትም የየራሳቸው ደንብ ባላቸው ምድቦች መከፋፈል፣ ለእያንዳንዱ ፕሮፋይል ደንብ ማውጣት፣ ከዚያም መፈተሽ። በቴክኒክ በኩል በእርግጥም ከሁለት ቀን ብዙ አልበለጠም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት የወሰደብኝ «ተገቢ» የምትለው አንዲት ቃል ናት፤ ለማን ተገቢ፣ በየትኛው ቋንቋ ተገቢ፣ ተገቢ መሆኑንስ ማን ይወስን የሚሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ስጋፈጥ ቆይቻለሁ።

ለሥራው የመረጥኩት ኢቱጋርዲያን የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ነው። ይህ ሶፍትዌር ቀደም ሲል በየትምህርት ቤቱ ይታወቅ የነበረው የዳንስጋርዲያን ተከታይ ሲሆን፣ አሠራሩ በነጥብ ነው። እያንዳንዱ አጠራጣሪ ቃል ወይም ሐረግ ነጥብ ይሰጠዋል፤ አንድ ገጽ ሲከፈት በውስጡ የተገኙት ቃላት ነጥብ ይደመራል፤ ድምሩ ለተጠቃሚው ፕሮፋይል ከተቀመጠው ጣሪያ ሲያልፍ ገጹ ይዘጋል። የዳንስጋርዲያን የማዋቀሪያ ፋይል ራሱ ለትናንሽ ልጆች 50፣ ከፍ ላሉ ልጆች 100፣ ለወጣቶች 160 ነጥብ ጣሪያ እንዲሆን ይመክር ነበር። እኔም ይህንኑ ተከትዬ ለልጆች 50፣ ለተማሪዎች 100፣ ለአዋቂዎች 160 አድርጌ፣ ለሠራተኞች ደግሞ ያልተገደበ አራተኛ ፕሮፋይል ጨመርኩ። ማንኛውም ሰው ሲገባ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይቀበላል፤ የካርዱ ቁጥር የትኛው ፕሮፋይል ውስጥ እንደሚገባ ይወስናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጽ አለብኝ። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚመጣው ተመስጥሮ፣ ማለትም ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው ተቆልፎ ስለሆነ፣ መሐል ላይ የተቀመጠ ማጣሪያ ማየት የሚችለው የጣቢያውን ስም እንጂ በገጹ ላይ የተጻፈውን አይደለም። ቃላቱን ቆጥሮ ነጥብ ለመስጠት ምስጢሩን መሐል ላይ መፍታትና መልሶ መቋጠር ያስፈልጋል፤ ለዚህም ማጣሪያው የራሱን ሰርተፍኬት (ኮምፒዩተሩ ሌላውን ወገን የሚያምንበትን ዲጂታል መታወቂያ) በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ እንዲታመን አድርጎ ይጭናል። እኔ ይህን በ18ቱም ኮምፒዩተሮች ላይ አደረግኩ። ብዙ አላሰብኩበትም፤ መመሪያው የሚለውን ነው የፈጸምኩት። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

በእጄ በነበረው ቅጂ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ የብዙ አገር ቋንቋዎች የቃላት ዝርዝር ነበር፤ አማርኛ ግን አልነበረም። ስለዚህ የአማርኛውን ዝርዝር ራሴ ተቀምጬ ጻፍኩ። ችግሩ ከፊደሉ ጀመረ። «ሕፃን» የሚለውን ቃል ሰው በ«ሕ»፣ በ«ህ» ወይም በ«ኅ» ይጽፈዋል፤ ሁለተኛውን ፊደል ደግሞ «ፃ» ወይም «ጻ» ያደርገዋል። አንዱ ቃል ስድስት መልክ ይኖረዋል ማለት ነው። ለእኛ ለአንባቢዎች ስድስቱም አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ስድስት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። በአንዱ መልክ ብቻ የተመዘገበ ቃል በአምስቱ መልኮች ያለ ከልካይ ያልፋል። በዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት፣ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለማጣሪያው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ነው። እነዚህን ሞክሼ ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩና ዝርዝሩን በየመልኩ አባዛሁት። በዚያ ምሽት ሥራዬ የተጠናቀቀ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በልጆቹ ጠረጴዛ የተቀመጠ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ቀይ ሆነብኝ» አለኝ። ልጆቹ የእገዳውን ገጽ ከቀለሙ የተነሣ «ቀዩ ገጽ» ይሉት ነበር። ሄጄ ምን ሊከፍት እንደነበረ ጠየቅኩት። «ተረት ነው» አለ፤ መምህሩ አንብበው እንዲመጡ ያዘዙት የእንስሳት ተረት። መዝገቡን ስከፍተው ማጣሪያው የዘጋበትን ምክንያት በግልጽ አስፍሮታል፤ «ጡት» የሚለው ቃል በገጹ ላይ ሦስት ጊዜ ተገኝቷል፣ ለእያንዳንዱ 20 ነጥብ፣ ድምሩ 60፣ የፕሮፋይሉ ጣሪያ 50። ተረቱን ከራሴ ኮምፒዩተር ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ቃሉ የለም። ሁለተኛ ጊዜ በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። አንበሳው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፤ እንስሳቱ ገመድ «አመጡት»፣ ለዝሆኑ «ሰጡት»፣ ከዚያም አንበሳውን ጎትተው «አወጡት»።

እነዚህን ሦስት ቃላት እንደገና ተመልከቷቸው። ሦስቱም መጨረሻቸው ላይ «ጡት» አላቸው።

እንዲህ ያለ ስህተት በሌላም አገር ደርሷል። በ1996 እ.ኤ.አ. ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማጣሪያ በእንግሊዝ አገር ስከንቶርፕ የምትባል ከተማ ነዋሪዎች አካውንት እንዳይከፍቱ ከልክሏቸው ነበር፤ በከተማይቱ ስም መሐል ነውር የሆነ ቃል ተሸሽጎ ስለተገኘ ብቻ። ከዚያ ወዲህ የችግሩ ዓይነት በዚያች ከተማ ስም ይጠራል። ሆኖም ለእንግሊዝኛ ይህ የጥቂት ስሞችና ቃላት ጉዳይ ነው፤ በአማርኛ ግን ጉዳዩ የግሱ ሥሪት ነው። ግሳችን አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ቃል ውስጥ ይሸከማል። ስለዚህ ሰጠ፣ ሸጠ፣ መረጠ፣ ቆረጠ፣ ለወጠ፣ ጠጣ፣ ቀጣ፣ አመጣ ከሚሉት ግሶች ሁሉ ሸጡት፣ መረጡት፣ ቆረጡት፣ ለወጡት፣ ጠጡት፣ ቀጡት ይወጣሉ። የአክብሮት አነጋገራችን ይህን ያበዛዋል፤ ስለ አንድ ትልቅ ሰው ስንጽፍ «መጽሐፉን ለልጃቸው ሰጡት» እንላለን እንጂ «ሰጠው» አንልም። የሚታወቁ ሰዎች ሲነገሩ ደግሞ «የመጡት»፣ «የወጡት»፣ «የተመረጡት» አሉ። የምርጫ ዜና፣ የገበያ ዜና፣ የስፖርት ዜና፣ የቅዱሳን ታሪክ፣ ሁሉም በእኔ ዝርዝር መሠረት ተጠርጣሪ ሆነዋል። የዘጋሁት ነውርን መስሎኝ ነበር፤ የዘጋሁት የአማርኛን ግስ ነው።

መጀመሪያ የመጣልኝ መፍትሔ ቃሉ ለብቻው፣ ግራና ቀኙ ክፍት ቦታ ሆኖ ሲገኝ ብቻ እንዲቆጠር ማድረግ ነበር። ሶፍትዌሩ ይህን ይፈቅዳል። ነገር ግን በዚህ መንገድ «የጡት»፣ «በጡት»፣ «ጡቶች» የሚሉት ሁሉ ሳይታዩ ያልፋሉ፤ ምክንያቱም በአማርኛ ቃል ለብቻው የሚቆመው ከስንት አንዴ ነው። አንደኛው ደንብ ያለ ልክ ያጠብቃል፣ ሌላኛው እንደሌለ ይሆናል። ቃሉስ ቢሆን በራሱ ምን ነውር አለበት? ጡት እናት ለልጇ የምትሰጠው የመጀመሪያው ምግብ ነው። የባዕድ ልጅ እንደ ራስ ልጅ ሲወሰድ «የጡት ልጅ» ይባላል፤ ወሳጁም «የጡት አባት» ይባላል። እንዲህ ባለ ክብር የተያዘን ቃል እኔ ከእንግሊዝኛው ዝርዝር አምሳያውን አይቼ፣ ሳላመዛዝን ወደ ነውር ተራ አስገብቼው ነበር። ይህ ከቴክኒክ ስህተቱ ይልቅ ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ነው። በዚህ ቃል ምክንያት ሌላ ማን እንደታገደ ለማወቅ የሳምንቱን መዝገብ በሙሉ ፈተሽኩ። አብዛኛው ዜና ነበር። ከመካከሉ ግን በአዋቂዎች ፕሮፋይል፣ በካርድ ቁጥር 7፣ በአንድ ጠዋት በተከታታይ የተደረጉ ሦስት ፍለጋዎችን አገኘሁ። የመጀመሪያው «የጡት እብጠት» ይላል፤ ሁለተኛው «የጡት እብጠት ምልክት»፤ ሦስተኛው «የጡት ካንሰር ያማል ወይ»። የተከፈቱት ገጾች ስለ በሽታው የሚያስረዱ ስለሆኑ ቃሉ ዘጠኝ አሥር ጊዜ ይደጋገምባቸዋል፤ የ160 ጣሪያም ለእነርሱ አልበቃቸውም። ሦስቱም ተዘግተዋል። ከመጀመሪያው ፍለጋ ካርዱ እስከተመለሰበት ጊዜ ድረስ ያለፈው አራት ደቂቃ ነው።

ካርዶቹን የሚሰጡትና የሚቀበሉት እትዬ ናቸው፤ በዚህ ቤት ከሁላችንም በፊት የነበሩ፣ መጻሕፍቱን በመልካቸው የሚያውቁ ሴት። ስጠይቃቸው ወዲያው አስታወሱ። አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ከልጇ ጋር መጥታ እንደነበርና የምትጽፍላት ልጅቷ እንደነበረች ነገሩኝ። «ኮምፒዩተሩ እምቢ አለን አለችኝ» አሉ፤ «ኔትዎርክ ነው፣ ከሰዓት ተመለሱ ብዬ ሸኘኋቸው።» እትዬን ልወቅሳቸው አልችልም። ቀዩ ገጽ ከሶፍትዌሩ ጋር እንደመጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር፤ «አክሰስ ዲናይድ» (መግባት ተከልክሏል) ይላል እንጂ ማን እንደከለከለ፣ ለምን እንደከለከለና ማንን መጠየቅ እንደሚቻል አይናገርም። በአዲስ አበባ ደግሞ አንድ ገጽ አልከፈት ሲል ሁላችንም በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ኔትዎርኩን ነው። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም። ለእርሱ ይህን ያህል በቀረበ ቤት ውስጥ አንዲት እናት፣ በልጇ እጅ፣ ሦስት ጊዜ ጠይቃ ሦስት ጊዜ የተከለከለችው በእኔ ደንብ ነው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ሥራውን ከሥሩ ጀመርኩ። በቅድሚያ ሰርተፍኬቱን ከአዋቂዎቹና ከተማሪዎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ አነሣሁ። ምስጢሩን መሐል ላይ መፍታት ማለት ቃላትን መቁጠር ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው የባንክ ሒሳቡን ሲከፍት የይለፍ ቃሉ፣ ኢሜይሉን ሲያነብ ደብዳቤው፣ ሁሉም በእኔ ሳጥን ውስጥ ተፈትቶ ያልፋል ማለት ነው። ኮሚቴው ይህን አላዘዘኝም፤ ተጠቃሚዎቹም አላወቁም። የልጆቹ ስድስት ኮምፒዩተሮች ላይ ግን ተውኩት፤ እዚያ ማንም የግል ጉዳዩን አይከፍትም፣ የእገዳውም ገጽ በአማርኛ በትክክል እንዲታያቸው ያስችላል።

ለቀሩት ማጣራቱን ወደ ስም ፍለጋው ደረጃ፣ ማለትም የጣቢያን ስም ወደ ቁጥር አድራሻው ወደሚፈታው ዲኤንኤስ አወረድኩት። ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በ2020 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ለቤተሰብ ብሎ ባወጣው አገልግሎት 1.1.1.2 የተባለው አድራሻ አጥፊ ሶፍትዌር የሚያሰራጩ ጣቢያዎችን፣ 1.1.1.3 ደግሞ ከእነዚህ ጋር የወሲብ ጣቢያዎችን ስማቸው እንዳይፈታ ያደርጋል። አዋቂዎቹን በመጀመሪያው፣ ተማሪዎቹንና ልጆቹን በሁለተኛው ላይ አደረግኩ። የጉግልን ፍለጋ ለተማሪዎች ወደ 216.239.38.120 አድራሻ በማዞር ጥንቁቁ ፍለጋ ሁልጊዜ በርቶ እንዲቆይ አደረግኩ። ይህ ዘዴ ገጹን አያነብም፤ ስለዚህ «ሰጡት» ከ«ጡት» ጋር የሚምታታበት ዕድል የለም። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ ከአንድ ስም በስተጀርባ ያለውን መልካምና መጥፎ መለየት አይችልም። ለምሳሌ ቴሌግራም አንድ ስም ነው፤ በውስጡ ግን የማይፈለጉ ቻናሎችም አሉ፣ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ማስታወሻና ያለፉ ፈተናዎች የሚልኩባቸው ቡድኖችም አሉ። ለእኛ ተማሪ ቴሌግራምን መዝጋት ደብተሩን መቀማት ስለሆነ ክፍት እንዲሆን ወሰንኩ፤ ከልጆቹ ዘንድ ግን ተዘግቷል።

ለልጆቹ ያመጣሁት ለውጥ ሌላ ነው። የሚዘጋውን መቁጠር ትቼ የሚከፈተውን መቁጠር ጀመርኩ። ከመምህራንና ከእትዬ ጋር ተቀምጠን የተረት፣ የሒሳብ፣ የሥዕልና የመማሪያ መጻሕፍት ጣቢያዎችን መርጠን መዘገብን፤ ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ተዘግቶ ይቆያል፣ ልጁ ሲጠይቅ ታይቶ ይጨመራል። ይህ ድካም አለው፤ ነገር ግን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚሆነውን የሚያውቀው ልጁን የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። የፕሮፋይሎቹንም ስም ቀየርኩ። ቀድሞ በዕድሜ የተከፋፈሉት አሁን በመጡበት ጉዳይ ይከፋፈላሉ። የ15 ዓመት ተማሪ ለሥነ ሕይወት ትምህርቱ ስለ ሥነ ተዋልዶ ማንበብ ካለበት የጥናት ካርድ ይወስዳል፤ ዕድሜው ምክንያት ሆኖ ከትምህርቱ አይከለከልም።

በመካከሉ የሰዓት ደንቡም አስቸግሮን ነበር። ኮሚቴው ለልጆች «ከ8 እስከ 11 ሰዓት» ብሎ የጻፈውን የሚረዳኝ ወጣት እንዳለ ወደ ሲስተሙ አስገባው፤ እኔም ሳላስተውለው አለፍኩት። ማሽኑ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር የልጆቹ ደንብ የሚሠራው ጠዋት፣ እነርሱ ትምህርት ቤት በሚሆኑበት ሰዓት ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ ሲመጡ ኮምፒዩተሮቹ በአጠቃላዩ ደንብ ይሠሩ ነበር። በሁለተኛው ቀን ታወቀና ተስተካከለ። አሁን በእያንዳንዱ የሰዓት ደንብ ማስታወሻ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር እንጽፋለን።

ተማሪዎቹ ማጣሪያውን ማለፍ እንደሚሞክሩ አውቃለሁ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብራውዘሮች የስም ፍለጋውን ራሱን አመስጥረው ወደ ሌላ ቦታ መላክ ይችላሉ፤ ይህንንም በኮምፒዩተሮቹ ላይ ባለው የብራውዘር ደንብ አጥፍቼዋለሁ፤ ተጠቃሚው ፕሮግራም መጫን በማይችልበት ውስን አካውንትም ይሠራሉ። ከዚህ አልፎ የሚሄደውን ግን አላሳድድም። ቪፒኤን፣ እገዳን በሌላ መንገድ የሚያሳልፈው ፕሮግራም፣ በዚህ ከተማ የባለሙያ ቃል መሆኑ ቀርቷል። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በተገደቡበት ወቅት እናቶች ሳይቀሩ ተምረውታል። እኔም በዚያን ጊዜ ከታገዱት አንዱ ነበርኩ፤ ገጹ ያለ ማብቂያ ይሽከረከራል፣ ለምን እንደሆነ የሚነግርህ የለም፣ ስልኩ ተበላሽቶ ይሁን ካርዱ አልቆ ይሁን አታውቅም። ያንን ስሜት እያወቅኩ በ18 ኮምፒዩተሮች ላይ በትንሹ ደግሜዋለሁና፣ ከዚያ ወዲህ ምክንያቱ ያልተነገረ እገዳ በዚህ ቤት እንዳይኖር ቆርጫለሁ።

በስም ደረጃ ሲዘጋ በተመሰጠረ ጣቢያ ላይ የራስን የእገዳ ገጽ ማሳየት አይቻልም፤ ብራውዘሩ የሚያሳየው የራሱን የስህተት መልእክት ነው። ስለዚህ ወደ ወረቀት ተመለስኩ። በእያንዳንዱ ስክሪን ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ገጹ ካልተከፈተልዎ በንባብ ቤቱ ደንብ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ስህተት ነው ብለው ካመኑ ለእትዬ ይንገሯቸው ወይም በደብተሩ ላይ የገጹን ስም ይጻፉ። ስምዎን መጻፍ አያስፈልግም፤ ለምን እንደፈለጉትም አይጠየቁም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመሩት እትዬ ናቸው። ደብተሩን በየጠዋቱ አያለሁ፤ የሚከፈተውን እከፍታለሁ፣ የማይከፈተውን ደግሞ ምክንያቱን ከጎኑ እጽፋለሁ።

መዝገቡን በሚመለከትም አሠራራችን ተለውጧል። የአንዲትን ሴት ጭንቀት ከአንድ መስመር ላይ ማንበብ መቻሌ ሥራዬን እንዳርም ቢረዳኝም፣ ያን ማንበብ የሚገባኝ አልነበረም። ሰርተፍኬቱ ከተነሣባቸው ኮምፒዩተሮች የፍለጋ ቃላት ወደ መዝገቡ አይገቡም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ማን መቼ ከየት ጋር እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃ፣ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ስለሚያዝ፣ የግንኙነቱ መዝገብ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ለዕለት ሥራዬ የማየው ግን የትኛው ጣቢያ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ ብቻ የሚያሳይ፣ የካርድ ቁጥር የሌለው ማጠቃለያ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ለኮሚቴው ይህን ማስረዳት ቀሎኛል፤ ከሰው የምንሰበስበው ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መሆን እንዳለበት ለመናገር ሕጉ አግዞኛል።

አዲሱን አሠራር በጨረስኩበት ቀን ቤቱ ከተዘጋ በኋላ በካርድ ቁጥር 7 ገባሁና ያን የመጀመሪያ ፍለጋ ራሴ ጻፍኩት። ገጹ በአማርኛ ተከፈተ። እትዬ ከኋላዬ ቆመው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ «ቆይ፣ አትለፈው» እያሉኝ። ሲጨርሱ ሁለት ቅጂ እንዳትምላቸው ጠየቁኝ። አንዱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሁለተኛውን ፖስታ ውስጥ አድርገው፣ ካርዶቹ በሚቀመጡበት መሳቢያ ከቁጥር 7 ሥር አስቀመጡት፤ ሴትዮዋን ካየኋት እሰጣታለሁ አሉ።